የእናት መሐላ

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከማንጎው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ፖሊሱ ከኋላቸው ቆሟል። በስተቀኝ ጎረቤቴ ከሟች ባሏ ወንድም ጋር፤ በስተግራ እኔ ብቻዬን። ልጄ መሐል ላይ።

ልጄ ጫካ ገብቶ ከታጣቂዎች ጋር ከርሞ እጁን ሰጥቷል። እስከ ዕርቁ ቀን እኔ ዘንድ እንዲቆይ ተፈቅዶለት ነበር። የጎረቤቴ ባል የተገደለው ታጣቂዎቹ ድባጤ አጠገብ ያለችውን መንደራችንን ባቃጠሉ ዕለት ነው። ዕርቁ ከሰመረ ልጄ ቤቱ ይገባል፤ ካልሰመረ አሶሳ ተወስዶ ይከሰሳል። ያን ሰሞን አገሬው ሁሉ «አገሩን የወጋ ይከሰስ ወይስ ምሕረት ይደረግለት» እያለ ይከራከራል። እኔ አልተከራከርኩም። ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

በመንደራችን ደንብ በዳይ ያደረገውን ይናገራል፤ ከዚያ እናቱ «የደበቀው የለም» ብላ ትምላለች። ያለዚህ መሐላ ዕርቅ የለም።

«ጠመንጃ ይዣለሁ። እዚህ መንደር ግን አልመጣሁም» አለ ልጄ።

«ታዲያ ጫካ ምን ልትሠራ ገባህ? ማር ልትቆርጥ?» አለው የሟች ወንድም። ፖሊሱ ሳይቀር ሳቀ።

ትልቁ ሽማግሌ ተቆጡ። «ተው እንጂ! መንግሥትን የወጋ ሁሉ ከታሰረ ማን ሊያርስ ነው?»

«አባባ፣ መንግሥትማ ጠባቂ አለው» አለች ጎረቤቴ። «የተወጋሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ልጆቼን ያዋለዱልኝ እርስዎ ነዎት። ይማሉልኝና ይግባ። ከእርስዎ አፍ ከሰማሁ አምናለሁ።»

ልጄ አየኝ። እኔ ዘንድ በመጣ ማግስት፣ የቆሰለ እግሩን ሳጥብለት፣ ሳልጠይቀው ነግሮኛል። የተኮሰው ሌላ ነው፤ የሟችን ቤት ያሳያቸው ግን እሱ ነው።

«ለእኔ የነገርከኝን ንገራቸው» አልኩት።

«እማ!»

«ተናገር። ከተናገርክ እምላለሁ።»

አንገቱን ደፋ። ጠበቅነው። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«እህቴ፣ ትምያለሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«አልምልም።»

ጎረቤቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ገብቷታል።

«ይቺም እናት ተብላ!» አለ የሟች ወንድም፤ ልጄ እንዲከሰስ ሲጮህ የከረመው እሱ።

ፖሊሱ መጥቶ የልጄን ክንድ ያዘ።

«እማ፣ አንድ ቃል እኮ ነበር» አለኝ።

ሽማግሌዎቹን እጅ ነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።