የአዲሷ መኪና ድምፅ

ወንድሜ ከአዲስ አበባ አዲስ መኪና ይዞ ቦንጋ መጣ። ትንሽ ናት፤ ነዳጁን ረገጥ ሲያደርጉት ግን ከወንበር ጋር ታጣብቃለች። እስከ ሺሺንዳ ሞክራት ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

ከተማው መውጫ ላይ ጎረቤታችን ጋሽ ገብሬ የንብ ቀፎ ይዘው መኪና ሲጠብቁ አገኘኋቸው። እኛ አገር ባዶ ቀፎ ዛፍ ላይ ሊሰቅል የሚሄድ ሰው ብርቅ ስላልሆነ ምንም አልጠየቅኩም። የኋላውን ወንበር አጥፌ ቀፎውን ጫንንና አጠገቤ ተቀመጡ።

ኩርባውን ሁሉ በረርኩበት። ጉርምርምታው ልቤን አጠፋው።

"ጋሽ ገብሬ፣ ሞተሯን ሰሙልኝ? የውድድር መኪና እኮ ናት!"

"ኧረ ቀስ በል ልጄ!"

ሺሺንዳ ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁ። ጉርምርምታው አልቆመም። ዞር ስል የቀፎው አፍ የተወተፈበት የእንሰት ቅጠል መኪናው ወለል ላይ ወድቋል።

"ባዶ አይደለም እንዴ?" ብዬ ጮህኩ።

"ባዶ ቢሆንማ መቼ ቀስ በል እልህ ነበር!" አሉኝ፣ በሩን ከውጭ እየዘጉብኝ።