ዘሎ ለመጣ ሰው ዞር አይባልም

የወጣሁ ለት ማታ እማዬ ኤርፖርት አልሸኘችኝም። ከገርጂ ቦሌ ቅርብ ነው፤ አውሮፕላኖቹ ጣሪያችንን ሊነኩ እየደረሱ ነው የሚያልፉት። ግን "ልጄን የመስታወት በር ሲውጠው ቆሜ አላይም" አለች። መብራት ጠፍቶ ነበር። እህቴ ትዕግስት የስልኳን ባትሪ አበራችልን፤ እማዬ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ፊቴን በሁለት መዳፏ ይዛ፣ ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችኝ።

"ስትመለስ ይሄንኑ ፊት ነው የምፈልገው" አለችኝ።

"እማዬ፣ ፊት ይቀየራል እንዴ?"

"የሰው አገር የማይቀይረው የለም። አደራ፣ መጥተህ አሳየኝ።"

ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህችን አንዷን አደራ ለማድረስ ነበር ሐሳቤ። የመኖሪያ ወረቀት ይዤ ገርጂ ደርሼ፣ ፊቴን አሳይቼ፣ ተመልሼ ሥራዬ ላይ መገኘት። ወረቀት የሌለው ሰው መሄድ ይችላል፤ መመለስ ነው የማይችለው። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። እዚያ ያላችሁት ደግሞ "ቢኒ ለምን አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ አይልም፣ ኮራ እንዴ?" እንደምትሉ ሰምቻለሁ።

ሥራህ ምንድን ነው ለምትሉኝም ልናገር። "በስፖርት ሙያ ላይ ነው" ተብላችኋል። ውሸት አይደለም። ጭምብል አድርጌ የትግል መድረክ ዙሪያ የተወጠረ ገመድ ላይ እወጣለሁ፤ ከገመዱ ላይ በአየር ላይ ተገልብጬ ሰው ላይ እወድቃለሁ። ለዚህ ይከፈለኛል። እዚህ ሜክሲኮ አገር ሉቻ ሊብሬ ይሉታል፤ ነጻ ትግል ማለት ነው።

መዝለል የለመድኩት ገርጂ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሲገነባ የአሸዋ ክምር ሞልቶ ነበር፤ የሰፈር ልጆች እዚያ ላይ እየተገለበጥን አደግን። በኋላ የወጣት ማዕከሉ ሰርከስ ገባሁ። ከሰርከሱ በኋላ መገናኛ አስፋልት ላይ ጫማ ዘርግቼ መሸጥ ጀመርኩ። እውነተኛው ስልጠና ያ ነው። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራውን በአራት ጫፉ ጠቅልለህ፣ ተሸክመህ፣ አጥር ትዘላለህ። አንድ እግር ጫማ እንኳ ጥለህ ከሄድክ ከስረሃል፤ ቀኝ እግር ብቻ የሚገዛ የለም። ቀስ በቀስ የሞባይል ከቨር የምሸጥባት ሱቅ ከፈትኩ። መስመሩ ለመንገድ ሲፈርስ ሱቋም ፈረሰች፤ የተረፈውን ዕቃ በርካሽ ጥዬ ወደ ብራዚል በረርኩ፤ ከዚያ በእግርም በጀልባም ወደ ላይ፣ ወደ አሜሪካ። መንገዱ ላይ ስላለው ጫካ አልጽፍም። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ካላለፉበት መሐል ደግሞ የአንዱ እናት ልታነበው ትችላለች።

ሜክሲኮ ደቡብ ጫፍ ላይ የኢሚግሬሽን ሹሙ በስልክ አስተርጓሚ አናገረኝ።

"ሙያ?"

"ነጋዴ።"

"ምን ትነግዳለህ?"

"አሁን? ምንም።"

"ምንም የማይነግድ ነጋዴ አለ?"

"ጌታዬ፣ መገናኛ መጥተህ ብታይ ግማሹ እንደዚያ ነው።"

አልሳቀም። "ሥራ አጥ" ብሎ ጻፈ። "ወዴት ነህ?" አለኝ። ወደ ላይ አልኩት። "ሁሉም ወደ ላይ ይላል። ላይ ሞልቷል" አለና እዚያው አገር ውስጥ ሆኜ ውሳኔ እንድጠብቅ የምትል ወረቀት ሰጠኝ። አብረውኝ የነበሩት ወደ ላይ ቀጠሉ። እኔ ፑዌብላ የምትባል ከተማ ላይ ብሬ አለቀ፤ ብሬ ባለቀበት ቀረሁ።

ከተማዋ መጥፎ አይደለችም። ትልቁ ክፋቷ የኛን መምሰሏ ነው። ከፍታ ላይ ነች፤ ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ የሚለበልብ ፀሐይ። ሰኔ ሲገባ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይወርዳል፤ ዝናቡ ውስጥ ሴትዮዋ ጥላ ሥር በቆሎ ትጠብሳለች። ሽታው ሲመጣ ዓይንህን ብትጨፍን ሃያ ሁለት ማዞሪያ ነህ። ከዚያ በቆሎው ላይ ማዮኔዝ ትቀባበታለች፤ ትነቃለህ። እኛ ለአጥር የምንተክለውን ቁልቋል እሾሁን ገፈው ይበሉታል። ቃሪያቸው ከኛ ይብሳል፤ እንጀራ ግን የላቸውም፤ ቶርቲያ የምትባል መዳፍ የምታክል ቂጣ አለቻቸው፤ ብቻህን ነው የምትጠቀልላት። እኔን የከበደኝ ይሄ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም።

ገበያ ውስጥ ጆንያ እየተሸከምኩ ሳለ ትይዩ ካለው ጂም ልጆች ፍራሽ ላይ ሲገለባበጡ አየሁ። አላስቻለኝም። ጆንያውን አስቀምጬ ወደ ኋላ ተገለበጥኩ። የጂሙ ባለቤት ዶን ሩፊኖ ሲጋራው ከአፉ ወደቀ። ትግሉን የሚያዘጋጀውም፣ ጣሪያው ላይ ያለችውን ክፍል ያከራየኝም፣ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። ጭምብሌን ሲያመጣልኝ ግንባሩ ላይ ፒራሚድ ተሰፍቶበታል፤ ስሜም "ኢሆ ዴል ኒሎ"፣ የናይል ልጅ።

"ዶን ሩፊኖ፣ ፒራሚዱ የግብፅ ነው። የኛ ወንዙ ነው።"

"ወንዙ አንድ አይደለም?"

"አንድ ነው። ግን በሱ ጉዳይ ብዙ ጭቅጭቅ አለ።"

"ስማኝ ልጄ፣ ፒራሚድ ከኋላ ወንበር ይታያል። ወንዝ ግንባር ላይ እንዴት እሰፋለሁ?"

ነጋዴ ነው፤ ገባኝ። ሆኖም እባካችሁ ለሰፈር ሰው ስለ ፒራሚዱ አትንገሩብኝ።

"ትግሉ ውሸት ነው አይደል?" የሚል አይጠፋም። መርካቶ ሂዱና "በኪሳራ ነው የምሰጥህ" ብሎ የሚምለውን ነጋዴ እዩት። ገዢውም "እንግዲያው ሄድኩ" ብሎ ጥቂት ይራመዳል። እንደማይሄድ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ግን አንዱ ጨዋታውን ከተወ ገበያ የለም። የኛም እንደዚያ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ እናውቃለን። መሬቱ ግን አያውቅም፤ ጉልበቴን በየሳምንቱ በእውነት ነው የሚቀበለው።

ባላጋራዬ ቶሮ ይባላል፤ ቀን ቀን ሥጋ ቤት አለው። ገመድ ውስጥ ሲገባ ይሰድበኛል፣ በወንበር ይመታኛል፣ ሕዝቡ ይጠላዋል። ሕይወቴ ግን በሱ እጅ ነው። እኔ ከላይ ስዘል ከታች ሆኖ የሚይዘኝ እሱ ነውና። መጀመሪያ ቀን ያስተማረኝ ይህን ነው።

"እጄን አትይ፤ ደረቴን እይና ና። አንተ ከዘለልክ እኔ ዞር አልልም። ታምሜም ቢሆን፣ ተጣልተንም ቢሆን። ዘሎ ለመጣ ሰው ዞር አይባልም።"

አንድ ቀን ብቻ እግሩ አዳልጦት ትከሻዬ ወለቀ። ለእማዬ ብርድ መትቶኝ ነው አልኳት።

እማዬ ጭምብሉን ያየችው ትዕግስት ቪዲዮ አሳይታት ነው። ያኔውኑ ደወለች።

"ቢኒ፣ ምን አጥፍተህ ነው የምትሸፈነው?"

"ሥራ ነው እማዬ። ደንብ ነው፤ ሕዝብ ፊት አይወልቅም።"

"እዚህ ፊቱን የሚሸፍን ሌባ ነው።"

"እዚህ ጀግና ነው።"

"እሱን ለነሱ። ለኔ አውልቀውና ልይህ።"

ከዚያ ወዲህ በደወልን ቁጥር የመጀመሪያ ቃሏ "እስኪ ፊትህን" ሆነ። ስልኩን ታቀርበዋለች፤ እኔ የሚታየኝ ግንባሯ ብቻ ነው። "ከሳህ" ትላለች። የመኖሪያ ወረቀቴ ውሳኔ ተቃርቧል ስላት "እኔም አለሁ" ትለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ሰሞን ሳትገኝ ቀረች። "ፀበል ገብታለች" አለችኝ ትዕግስት። የት? ሩቅ ነው፣ ኔትወርክ የለም። በሚቀጥለውም ሳምንት ፀበል። በሚቀጥለውም። ደግሞ ትዕግስት በቪዲዮ መደወል ተወች፤ ካሜራው ተበላሽቷል አለች። እኔ ዕድሜዬን ሞባይል ስነካካ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሷም፣ የእማዬም ስልክ ካሜራ ባንድ ሳምንት አይበላሽም። ሰው ካሜራ የሚዘጋው የለበሰው ልብስ እንዳይታይበት ነው። ይህን ካሰብኩ በኋላ ማሰብ አቆምኩ። ፀበል ነች አልኩ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ለሩቅ ሰው ቤተሰብ አጠገቡ ያለ ሐበሻ ፈልጎ ያስነግራል። ፑዌብላ ውስጥ ግን ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ የሚያረዳህ ሰው እንኳ ማጣት። ወሬው ካለ፣ ወደኔ የሚመጣበት እግር የለውም ብዬ ተጽናናሁ። ሞኝ ነኝ።

እሑድ ከሰዓት ትግል ነበረን። ቶሮን መሬት ላይ ጥዬው ገመዱ ጫፍ ላይ ወጣሁ፤ ሕዝቡ "ኒሎ! ኒሎ!" ይላል። እጄን ዘርግቼ ቁልቁል ሳይ፣ ፊት ወንበር ላይ ሦስት ሐበሻ ተቀምጠዋል። አንድ ሽማግሌ፣ ነጠላ ያደረገች አንዲት ሴት፣ አንድ ደረተ ሰፊ ጎረምሳ። አያጨበጭቡም።

ገርጂ በነበርኩ ጊዜ እድራችን መርዶ ሲኖር እኔን ይጠራኝ ነበር። "አንተ ጉልበት አለህ፣ ከኋላ ቁም" ይሉኛል። ሽማግሌው ይናገራል፣ ሴቷ ታባብላለች፣ ጎረምሳው ደግሞ መርዶ የተነገረው ሰው መሬት ላይ ሲፈጠፈጥ ይይዘዋል። ማታ ደርሰህ እራቱን ማብላት ነው፤ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሦስቱን ከላይ ሆኜ ሳይ እያንዳንዱ ምን ሊሠራ እንደመጣ አወቅሁ። ጭምብሉ ውስጥ ሆኜ እንዳወቅሁባቸው ግን እነሱ አላወቁም።

ቶሮ ከታች ተነስቶ ደረቱን ከፍቶ ቆሟል። ቆየሁበት። "ና እንጂ!" አለኝ በጥርሱ። ደረቱን አየሁና ዘለልኩ። ያዘኝ። መሬት ላይ እንደወደቅን ጆሮዬ ሥር "ምን ሆነሃል? ዘገየህ እኮ" አለ። "ብርድ ነው" አልኩት።

ታጥቤ በጓሮ በር ስወጣ ቆመው ይጠብቁኛል። ሽማግሌው ጋሽ ተሾመ፣ ሴቷ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ፣ ጎረምሳው ሚኪ። ከሜክሲኮ ዋና ከተማ ነው የመጡት።

"እንዲያው ለሽርሽር ብለን" አሉ ጋሽ ተሾመ።

"ፑዌብላ ለሽርሽር?"

"ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ነው ይባላል።"

"የካቶሊክ ነው እኮ ጋሼ።"

"ቢሆንም፣ ግንቡን ማየት ነው።"

መዋሸት አይችሉም። ነጋዴ ቢሆኑ ባንድ ቀን ይከስሩ ነበር። ምግብ ቤት ገባን። እትዬ አልማዝ ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ እንጀራ አወጣች፤ እንዴት እንዳገኘችው አልጠየቅኋትም። "ብላ እንጂ፣ ብላ" ትላለች። ጠቅልላ አጎረሰችኝ። "አንድ ያጣላል" አለችና ደገመችኝ። ስንት ዘመን የተመኘሁትን ጉርሻ አገኘሁት፤ በውሃ አወራረድኩት።

ሚኪ ትከሻዬን እየለካ ያየኛል። በመጨረሻ አላስቻለውም። "ይቅርታ ብራዘር፣ ክብደትህ ስንት ነው?"

ጋሽ ተሾመ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጡት።

"አትስጋ" አልኩት። "ቀላል ነኝ።"

"እንግዲህ ጠዋት በማለዳ ብቅ እንላለን" አሉ ጋሽ ተሾመ ሲነሱ። "ፀሎት ነገር አብረን እንድናደርስ።"

"ደረጃው ጠባብ ነው፣ በቀስታ ውጡ" አልኳቸው። እትዬ አልማዝ ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች።

ክፍሌ ገብቼ ደወልኩ። ገርጂ እየነጋ ነው፤ በስልኩ ውስጥ የታክሲ ረዳት "መገናኛ! መገናኛ!" ሲል ይሰማኛል። ትዕግስት ድምጿ ሻክሯል።

"እንዴት አደርሽ ትጊዬ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። በልተሃል?"

"ጠግቤ ነው የበላሁት። ካሜራው አልተሠራም?"

"አልተሠራም።"

"እማዬስ?"

ረዳቱ ሁለቴ ተጣራ።

"ፀበል ናት አልኩህ እኮ ቢኒ።"

"ተሽሏታል?"

"አሁን አያማትም።"

አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። ብቻዋን ስንት ሳምንት የተሸከመችውን ባወርድላት እወድ ነበር። ግን ያን ሁሉ መንገድ ሰው ልካለች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ድምጿን አስተካክላ፣ እስከ ጠዋት ድረስ እኔ እንድተኛ ብላ ነው ይህን የምትለው። እህቴ ዘላለች፤ ከታች ያለሁት እኔ ነኝ።

"እሺ" አልኳት። "ስትመጣ ወረቀቴ ሊያልቅ ነው በያት። ፊቴ እንደነበረ ነው በያት።"

"እላታለሁ" አለች። ስልኩን ቶሎ ዘጋች።

በሩን ሳልቆልፍ ተውኩት። ከዚያ ክፍሉን ዞሬ አየሁት፤ ጠባብ ነው፤ ለአራት ሰው አይበቃም። ጠረጴዛዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ፣ ወንበሩን ደጅ አወጣሁ፣ ማዕዘኑ ስለት ያለውን የብረት ሳጥን በብርድ ልብስ ሸፈንኩ። ሚኪ ልምድ ያለው አይመስልም፤ ስወድቅ እንዳይጎዳ። ጭምብሉን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩና መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጬ መንጋቱን መጠበቅ ጀመርኩ።