የአንባቢው ድርሻ

«ሰሊጡን አጭጄ ነዶውን ሳቆመው፣
ያንቺ ነገር መጣ፣ ልቤን…»

እዚህ ላይ ቃሉ ይጠፋዋል። ለይኩን ከጎጃም ወደ ቆላ ለአጨዳ ከወረደበት ዓመት ጀምሮ ይህን ዘፈን ያንጎራጉራል፤ የጎደለችውን ጫፍ ግን እስከ ዛሬ አላገኛትም፤ በእም እም ይሞላታል። ሌላ ሰው ቃል ሲጠፋው ግን አይምርም። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሶ ነው የጠፋው። ከዚያ ሁሉ የተረፈው ድምፁና ንቀቱ ነው።

ኮኪት አጠገብ ባለው የሰሊጥ እርሻ ደንቡ እንዲህ ነው። ፀሐይ አናት ስትበሳ ሠራተኛው ላሎ ከሚባለው ዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል፤ ወጥ ሠሪዋ የዓለምወርቅ የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ ታቀርባለች፤ ሌላው ሲበላ ለይኩን ቆሞ ልቦለድ ያነብላቸዋል። ድርሻው ተከድኖ ይቆየዋል፤ በኋላ ለብቻው ይበላል። ከነሱ ጋር ትሪ ቀርቦ አያውቅም። መጽሐፉንም ለብቻው ገልጦ ቀድሞ አያይም፤ ከስርቆት ይቆጥረዋል።

ሲያነብ ያምርበታል፣ ይህን ጠላቱም አይክደውም። ሙሽራይቱ ስትሰናበት ድምፁ እንደ ክራር ጅማት ይሳሳል፤ ወንዙ ሲሞላ ሰዉ እግሩን ይሰበስባል። እሱ ግን ሰሚዎቹን ይንቃቸዋል። በተለይ ፈንቴን፣ ጉርሻውን ሳይውጥ «ቆይ ቆይ፣ የትኛው ወንድም ነው?» የሚለውን የወሎ አጫጅ።

«ታላቁ ነው፣ አንተ ድንጋይ» ይለዋል ገጹን ወደ ኋላ እየገለጠ። «ሰሊጡ እንኳ ካንተ የተሻለ ይሰማል።»

ሰዉ ይስቃል፤ ፈንቴም ይስቃል፤ ንባቡ ይቀጥላል።

ዘንድሮ ትራክተር ነጂው ዑበይዳ ከመተማ ዮሐንስ ስፒከር ገዝቶ መጣ። ትረካ ጭኖበታል፤ ከኋላው ዋሽንት የሚነፋበት፣ ተራኪው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚናገር የሚመስል።

«ኸላስ፣ በቃህ፣ ለይኩን» አለው። «ዛሬ አንተም አረፍ ብለህ ከኛ ጋር ብላ።»

ክፋት አልነበረበትም። ለይኩን ግን አየ፤ ድርሻው አልተከደነም። ትሪው ዙሪያ እንደማንም ሰው ቦታ ተለቆለታል። እዚያ ከተቀመጠ ከአጫጆቹ አንዱ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

«ሳጥኑ ያጉርሳችሁ» ብሎ ራቅ ብሎ ግንዱን ተደግፎ ቆመ።

ሳጥኑ ተናገረ። «ቆይ ቆይ፣ ይቺ ደግሞ ማናት?» አለ ፈንቴ። ሳጥኑ አልቆየም።

«አቁመው እንጂ፣ ዑበይዳ።»

«በምን እጄ? ወጥ ነክቶታል።»

ዑበይዳ ታጥቦ እስኪመጣ ሴትዮዋ አግብታ ወልዳለች። ለይኩን በአፍንጫው ሳቀ። «አዋቂ ነው ሳጥናችሁ። እንኳን እናንተን፣ ራሱንም አይሰማም።»

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዑበይዳ ስፒከሩን ትራክተሩ ላይ ትቶት መጣ።

«በል እንግዲህ አንብብልን» አለችው የዓለምወርቅ።

«ሳጥኑን ለምኑት።»

ምሳ የሚባል ነገር ከቀመሰ ሰንብቷል፤ ኩራቱ ግን ጠግቧል። ፈንቴ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ በለይኩን መኝታ ላይ የተጣለውን፣ ሽፋኑ የተገነጠለውን መጽሐፍ አምጥቶ ገለጠና ቆመ። እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ያነበው ጀመር። አራት ነጥቡን ዘሎ ያልፋል፤ ቃል መሐል ይተነፍሳል፤ የሙሽራይቱን እንጉርጉሮ እንደ ማዳበሪያ ዋጋ ጠራው።

«ግደለን በቃ» አለ ለይኩን። «ሴትዮዋ እያለቀሰች ነው እኮ፤ ጨረታ አላወጣችም።»

«እየበላህ አርመኝ።»

«ድርሻዬ የታለ?»

«የተከደነው የኔ ነው። ዛሬ አንባቢው እኔ ነኝ፤ አንተ ወደ ትሪው ቅረብ።»

ሰዉ ሳቀ። የዓለምወርቅ የውሃ ጣሳ ዘረጋችለት። ፈንቴ መልስ አልጠበቀም፤ በዚያ አስቀያሚ ድምፁ ቀጠለ፤ ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው ተጣራ፣ ሙሽራይቱ ነጠላዋን ጥላ ተነሣች። ይህን ገጽ ለይኩን አልደረሰበትም። ተቀምጦ ሰው አንብቦለት አያውቅም፤ ቅኔ ቤት እንኳ የሰማውን የሰማው ዱላውን እየጠበቀ ነበር።

እጁን ታጠበ። ዑበይዳ ጠጋ አለለት። ቁጭ ብሎ ባሚያውን አጠቀሰና ጎረሰ፤ ጉርሻውን ሳይውጥም፣

«ቆይ ቆይ» አለ። «የትኛው ወንድም ነው?»

ፈንቴ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠ።

«ታናሹ ነው፣ አንተ ድንጋይ። ብላ።»