የዝግባው ቁጥር

ይሄን ነገር ሳወራው አሁንም ደሜ ይፈላል።

አክስቴ የሚኖሩት ከቦሌ ቡልቡላ ወዲያ፣ አገሩ ሁሉ እርሻ ሳለ በተቆረቆረች የድሮ መንደር ነው። ከእኛ ኮንዶሚኒየም አቧራ ወጥቼ እሁድ እሁድ እዚያ ስደርስ በጥላ ውስጥ እየሄድኩ ነበር በራቸውን የማንኳኳው፤ መንገዱ ግራና ቀኝ ዝግባ ነው። አጥራቸው ጥግ ያለውን ባላቸው ናቸው በተጋቡ በሳምንቱ የተከሉት። ሰውየው ከሞቱ ወዲህ አክስቴ ከቤቱ ይልቅ ለዛፉ ነበር የሚሳሱት። «እሱ እስከቆመ ድረስ ብቻዬን ነኝ አልልም» ይላሉ።

ክረምት ሊገባ ሲል ደብተር የያዙ ሰዎች መጡና በየግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። አክስቴ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁ አንዱ «ተመዝግቧል፣ እማማ» ብሏቸው ሄደ። ተመዝግቧል! ለምን እንደተመዘገበ መናገር ምላስ ይቆርጣል?

ደወሉልኝ። እኔ አዋቂው ምን ብል ጥሩ ነው? «ከተመዘገበማ ቅርስ ሆነ ማለት ነው፣ እትዬ! ከእንግዲህ ማንም አይነካብዎትም። እንኳን ደስ አለዎት!» አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቁጥሩን ማጠብ ጀመረ። አክስቴ እንቅልፍ አጡ። የጎረቤት ቤት «ቁጥር የለውም፣ ጨረቃ ቤት ነው» ተብሎ ሲፈርስ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። «ቁጥሩ ቢጠፋና አናውቀውም ቢሉኝስ?» አሉኝ። ቀይ ቀለምና ብሩሽ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ከዚያ በኋላ ዝናብ ባባራ ቁጥር በርጩማ ላይ እየቆሙ፣ በገዛ እጃቸው ቁጥሩን ሲያደምቁ ከረሙ።

መስከረም ላይ «ቶሎ ድረስልኝ» ብለው ደወሉ። ስደርስ ዝግባው መንገዱ ላይ ተጋድሟል። የቆራጮቹን አለቃ ኮሌታውን ያዝኩት።

«ቅርስ አይደለም እንዴ? ተመዝግቧል አላላችሁም?»

«የምን ቅርስ? ቁጥር የተሰጠው ለመንገድ ማስፋፊያ ለሚቆረጠው ነው።»

ቀና ብዬ አየሁ። የጎረቤቶቹ ዛፎች በሙሉ ቆመዋል።

«እነዚያስ?»

«የእነዚያን ዝናብ አጥፍቶታል። ስላልለየናቸው እንደገና እስኪጠኑ ተዉአቸው ተባልን። ይሄኛው ግን ቁልጭ ያለ ነው» አለኝ፣ የወደቀውን ግንድ በእግሩ እየነካ።

ያልወረወርኩት ስድብ የለም። እሱን ሰደብኩ፣ ደብተር የያዙትን ሰደብኩ፣ መንገዱን ሰደብኩ። ራሴን ብቻ ዘለልኩ። አክስቴ መጥተው ክንዴን ያዙኝ፤ ጥፍራቸው ሥር የትናንቱ ቀይ ቀለም ገና አልለቀቀም።

«ተው ልጄ፣ አፍህን አታበላሽ» አሉኝ። «ምን አጠፋህ? አንተ የገዛኸው ቀለም እኮ ጥሩ ነበር።»