ከቀበና የመጣው ማለስለሻ

ምንያህልን ትከሻው እንቢ ያለው ባለፈው ክረምት ነው። ሲግናል ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቱ ዕድሜ ልኩን ጣውላ በእጁ ሲፈገፍግ ኖሮ፣ ቀኝ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሣ አለው። ሚስቱ ፀዳለ መላ ነበራት። መገናኛ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ያለው ወንድሟ ሰው ይፈልጋል።

«ቁጭ ብለህ ሚስማር ትሸጣለህ። ምን ቀረብህ?»

«ሚስማር መሸጥና ሚስማር መምታት አንድ ነው?»

በዚህ መሃል ቀበና የሚኖሩት እትዬ ወለተሥላሴ የሟች ባላቸውን ማሽን ሊሸጡ ነው ሲባል ሰማና ሄዶ አየው። ጣሊያን ሠራሽ ነው፣ ከምንያህል በዕድሜ ይበልጣል። በሁለት የብረት መዘውሮች ላይ ረጅም የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ ይሽከረከራል፤ ጣውላው ከሥሩ እየገባ ይለሰልሳል። ቀለሙ ተልጧል፤ መዘውሩን በጣቱ ሲገፋው ግን ድምፅ ሳያሰማ ዞረ።

«ቆራሌው በኪሎ ሊወስደው መጥቶ ነበር፤ አባረርኩት» አሉ እትዬ ወለተሥላሴ። «ሲቆራርጡት ማየት አልችልም። አንተ ውሰደው። ያንንም የዋንዛ ጣውላ ጨምረህ ጠረጴዛ ሥራልኝ። እሱ ሊሠራልኝ አስቀምጦት ነው የሄደው።»

ማሽኑ ከመኪና ሲወርድ ፀዳለ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

«አንዱ ሽማግሌ አልበቃ ብሎኝ ሌላ አመጣህብኝ?»

ተጨቃጭቀው ተስማሙ። ማሽኑ ከሠራ ምንያህል በሙያው ይቆያል፤ ካልሠራ ብረቱ ለቆራሌው፣ ምንያህልም ወደ ሱቁ።

ሠራ። ቶርኖ ቤት ያለው ጓደኛው ሀሚድ ያረጀውን ኩሽኔታ ቀየረለት። ምንያህል ጠዋት ጠዋት ግራሶ ይቀባዋል፣ ሰጋቱራውን በብሩሽ ይጠርግለታል። ከእንጦጦ የሚወርደው እርጥበት ወረቀቱን እንዳያረግበው፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቀበቶውን አውልቆ ይሰቅለዋል። ቀበቶውንም ራሱ ይሠራል፦ ከጥቅሉ ይቆርጥና አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ ደርቦ በኮላ ያጣብቃል። የተደረበው ጫፍ እንጨቱን ዳስሶ እንዲያልፍ እንጂ እንዳይጋፈጠው ይጠነቀቃል።

ከዚያ ለመንገድ ሥራ ሲባል የሰፈሩ የመብራት ምሰሶ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ተተከለ። መብራት በተመለሰ ማግስት ቀበቶው ከመጋጠሚያው ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሌላ አጣበቀ፤ ጧ! ኮላውን ቀየረ፤ እሱም ጧ! አቧራው ፊቱ ላይ ሲመጣበት የማሽኑ አቧራ መከለያ ቆርቆሮ የተበሳ መስሎት በሻርፕ ተሸፋፈነ።

ሀሚድ መዘውሮቹን ፈቶ ለካቸው።

«ካንተ ይልቅ እነሱ ቀጥ ያሉ ናቸው» አለ። «እንግዲህ እርጅና ነው ወንድሜ፤ ለእርጅና መለዋወጫ የለኝም።»

ምንያህል አልሳቀም። የእትዬ ጠረጴዛ ግማሹ ለስልሶ፣ ግማሹ እንደሻከረ ቆሟል። የቆራሌውን ስልክ ቁጥር ጠይቆ ያዘ።

ፀዳለ ምሳ ይዛ ስትመጣ በአቧራ ነጥቶ አየችውና ገና ከበሩ ሳቋ አመለጣት።

«ሱቅ ግባ ስልህ ጎረቤታችን ሰቦቃ ወፍጮ ቤት ተቀጠርክ እንዴ?»

«አቧራው ነው።»

«ድሮስ አቧራ አልነበረም? ያኔ የሚነጣው ግድግዳው ነበር፣ አንተ አልነበርክም።»

ምንያህል የያዘውን ጉርሻ መለሰው። ተነሥቶ ማሽኑን አስነሣ፤ ወዲያው አጠፋውና ቀበቶው እየደከመ ሲቆም ትኩር ብሎ አየ። ወደ ግድግዳው መሮጥ ሲገባው ወደ እሱ እየሮጠ ነበር። የመብራት መስመሩ ሲዘዋወር ገመዶቹ ተቀያይረው ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ የተደረበውም ጫፍ ከእንጨቱ ጋር ፊት ለፊት እየተላተመ ይበጠሳል።

ወደ ጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ሮጠ።

«ሰቦቃ! ያንተ ሞተር ደኅና ነው?»

«የእኔማ መብራት የመጣ ዕለት ወደ ኋላ ዞረብኝ። ከሦስቱ የመብራት ገመዶች ሁለቱን አቀያየርኩ፣ አለቀ።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ጧ ጧ ስታደርግ እየሰማሁ? አዲስ አሠራር አምጥቶ ነው ብዬ!»

ምንያህል መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ ሁለቱን ገመዶች አቀያየረ። አዲስ ቀበቶ አጠለቀና ማሽኑን አስነሣው። አቧራው ወደ ግድግዳው ነጎደ። ዋንዛውን ከሥሩ ገፋው፤ በግራ እጁ፣ ትከሻውን ሳያስጨንቅ። ገፋው፣ መለሰው፣ ደግሞ ገፋው። ቀበቶው ችሎ አለፈ።

ፀዳለ የለሰለሰውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ በሩ ወጣ ብላ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች።

«ወንድሜ፣ ለሱቁ ሌላ ሰው ፈልግ» አለች፣ የማሽኑን ጩኸት ለማሸነፍ እየጮኸች። «የእኔው ሥራ በዝቶበታል!»