ሮሳ በሌለችበት የበርበሬ ማሳ

ከእናንተ የምደብቀው የለኝምና ጉዴን ላውጣው። ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ከቸርች ስንወጣ እትዬ ፀዳለን ፓርኪንግ ላይ ይዤ «ልጅዎ ናቲ እንዴት ነው? የቴክሳስ ሙቀት አልከበደውም?» እያልኩ ሳደርቃቸው ኖሬያለሁ። አንዴማ «የካውቦይ ባርኔጣ ይላክልኝ በሉት» ብያለሁ። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «እሺ፣ እነግረዋለሁ» ይሉኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው ነገሩ የገባኝ... በርበሬ ማሳ ውስጥ።

እኛ የኖርዝላንድ ሰፈር ሐበሻ ሴቶች መስከረም ሲጠባ የዓመቱን በርበሬ ራሳችን ነው የምንለቅመው። ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ፋርም አለ። ባለቤቱ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ አረንጓዴውን ለግሮሰሪ ካስረከበ በኋላ ቀልቶ የቀረውን ለእኛ ይተውልናል። ጋራዥ ውስጥ አስጥተን እናደርቀዋለን። ጎረቤቶቼ ማስነጠሱን ለምደውታል።

ሁልጊዜ የምትቀበለን ሮሳ ነበረች። ከጓቲማላ የመጣች፣ አጠር ያለች፣ ሳቂታ ለቃሚ። የምንግባባው በእጅ ምልክት ነው፤ ግን ለእኛ የሚሆነው የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ከእኛ በላይ ታውቃለች። እኛም ድፎ ዳቦ ሳንይዝላት አንሄድም።

ዘንድሮ ዳቦውን ይዘን ከመኪና ስንወርድ ሮሳ የለችም። ጓደኞቿም የሉም። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ወንዶች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ፤ ዳር ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ጋርድ ቆሟል።

«ሮሳስ?» አልኩት ገበሬውን።

«ግማሾቹን ኢሚግሬሽን ወሰዳቸው። የቀሩት ፈርተው አልመጡም። በርበሬው ሊበሰብስብኝ ሲል እስር ቤቱ እነዚህን ላከልኝ።»

«ሮሳ ከየትኞቹ ናት?»

«አላውቅም። ስልኳ አይነሳም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እባካችሁ እስረኞቹን አታናግሯቸው። ከውጭ ሰው ጋር ሲያወራ የተያዘ በማግስቱ እዚህ አይመጣም።»

እጄ ላይ ያለው ዳቦ ከበደኝ።

ለቀማውን ጀመርን። እትዬ ፀዳለ ግን ያን ቀን ሌላ ሰው ሆኑብኝ። ቸርች ውስጥ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማ ሴትዮ፣ እዚሁ አጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ ጮክ ብለው፣

«ስሚ! ተሾመ እኮ ጉልበቱን ኦፕሬሽን ተደረገ!» ተሾመ የሚሉት ባላቸውን ነው።

«እንዴ እትዬ ፀዳለ፣ ሆስፒታል ያደረስኳችሁ እኔው አይደለሁ?»

«አሁን ያለ ከዘራ ይሄዳል! ሳሮንም ነርሲንጉን ጨረሰች!»

«ኧረ አውቃለሁ! የልጅዎ ግራጁዌሽን ላይ ኬኩን የቆረስኩት እኔ!»

«አንቺ! አፍሽን ዝጊና ስሚኝ!»

ዘጋሁ። ፀሐይ መትቷቸው ይሆን ብዬ ውኃ ላቀብላቸው ስል ዓይናቸውን አየሁት። እኔን አያይም። ሦስት መስመር ወዲያ፣ በግራ እጁ የሚለቅም አንድ ረጅም ልጅ ላይ ተተክሏል። ልጁ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ አቀርቅሯል...

ናቲ ነው። የልጃቸው ናቲ። ቴክሳስ የሚባል ነገር የለም።

ይህን ልጅ ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ያስተማርኩት እኔ ነኝ... ካስተማርኩት። በአማርኛ ምንም ብጠይቀው መልሱ «አይም ጉድ፣ አንቲ» ነበር። ለእናቱም ቢሆን በአማርኛ ሲመልስ ሰምቼው አላውቅም።

«መኪናውን አልሸጥነውም!» ቀጠሉ እትዬ ፀዳለ። ድምፃቸው መሰንጠቅ ጀምሯል። «ባትሪው እንዳይሞት ሰኞ ሰኞ አስነሳዋለሁ! አልጋውም እንደተነጠፈ ነው። የተቆጣ ሰው የለም... ማንም!»

የልጁ እጅ ቆመ። ጋርዱ ወደኛ ዞረ። እኔ በቁሜ መጸለይ ጀመርኩ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የማላውቀው» አሉ። «ቁርስ ይብላ አይብላ... እንጃ።»

ከዚያ፣ ፊቱን ከበርበሬው ሳያነሳ...

«በልቻለሁ፣ እማዬ።»

«ምንድነው ያልከው?» ጮኸ ጋርዱ።

«እየዘፈንኩ ነው» አለው ናቲ በእንግሊዝኛ። ጋርዱ ትንሽ አየውና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

እትዬ ፀዳለ አንድ ቀይ በርበሬ ቆርጠው ባልዲያቸው ውስጥ ጣሉ። ቀጥሎ ሌላ። እንባ አላወጡም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ በርበሬ በነካ እጄ ዓይኔን ጠርጌው ደግሞ ሌላ ጉድ።

የቀረውን መኪና ውስጥ ነገሩኝ። ናቲ ከታሰረ ሁለት ዓመቱ ነው። አፍሮ እናቱን «እንዳትመጪ» ብሎ ከጠያቂ ሊስት አስወጥቷቸዋል። የሚደውለው ለእህቱ ለሳሮን ብቻ ነው። በቀደም ሲደውልላት ከእስር ቤት እየወጣ ስለሚለቅምበት ማሳ፣ ስለ ሰማያዊው ጎተራ፣ በሦስት እግሩ ስለሚሮጠው ውሻ አጫወታት። እሷ ስትነግራቸው እናት ቦታውን ወዲያው አወቁት። በየዓመቱ ለዚያ ውሻ ዳቦ የሚቆርሱለት እሳቸው ናቸው።

የሮሳ ዳቦ ሳይቆረስ ጭናቸው ላይ ነበር። ሞርስ ሮድ ላይ መብራት ሲይዘን፣

«ሮሳ ብትኖር ኖሮ ልጄን አላየውም ነበር» አሉኝ። «አሁን ምን ብዬ ልጸልይ? ትመለስ ልበል... ወይስ አትመለስ? እስኪ አንቺ ንገሪኝ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩንባ ሲነፋብኝ ነው የነቃሁት።

ይህንን የጻፍኩት ራሳቸው «ጻፊው፣ ስማችንን ብቻ ለውጪ። ቴክሳስ ሰልችቶኛል» ስላሉኝ ነው። የፋርሙን ስም ግን አትጠይቁኝ።

በርበሬው ገና አላለቀም፤ የፊታችን ቅዳሜ እንመለሳለን። እትዬ ፀዳለ ጮክ ብለው የሚያወሩትን ከአሁኑ ወረቀት ላይ ጽፈዋል፤ እኔም ዝም ማለት እየተለማመድኩ ነው። ልጁ ከሁለት ቃል በላይ ከመለሰላቸው ግን... ከእናንተ ቀድሞ የሚሰማ የለም።