ጭቃ የነካው ሉህ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየጾሙ ሌላ ሌላውን እየቆጠርኩ ይህችን ከምላሴ ሥር አስቀርቻታለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር፤ እናንተ ቀኖና አትሰጡኝም፣ ፍርዱ ግን አይቀርልኝም።

እኔ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ፣ የአንድ የአርክቴክቶች ቢሮ የፕላን ማህደር ኃላፊ ነኝ። ኩራተኛ ነኝ፤ ኩራቴን ብቻውን ግን ኃጢአት ብዬ አልናዘዝም። ክፍሉን ስረከብ የአይጥ መናኸሪያ ነበር። እያንዳንዱን ፕላን አቧራውን አራግፌ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ እንዳይታጠፍ በመሳቢያ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ከሠራናቸው ሕንፃዎች የፈለጋችሁትን ስም ጥሩልኝ፤ ያዘዛችሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ የመሠረቱን ፕላን ጠረጴዛችሁ ላይ እዘረጋዋለሁ። እንደ እኔ ያለ ማህደር አለኝ የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ጋሽ ደምሴ የቢሮአችን የሳይት ፎርማን ነበሩ፤ ሳውዝ ሲ የሚኖሩ፣ እንደ እኔው ሐበሻ። በሥራችን ልማድ፣ ሳይት ላይ ከፕላኑ የተለየ ነገር ሲሠራ ፎርማኑ በእጁ ባለው የፕላኑ ቅጂ ሉህ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምራል፣ መሐንዲሱ ይፈርምበታል፣ ሥራው ሲያልቅ ሉሁ ማህደር ይገባል። ኪሊማኒ ሰፈር አንድ አፓርታማ ሲሠራ ቁፋሮው ዐለት ገጠመውና መሐንዲሱ የፍሳሽ ቱቦው በሌላ በኩል እንዲዞር አዘዘ። ጋሽ ደምሴ በቀይ አሰመሩ፤ መሐንዲሱ ፈረመ። ሕንፃው ሲያልቅ እሳቸው ራሳቸው በማታቱ ሚኒባስ ተጋፍተው መጥተው ሉሁን እጄ ላይ ሰጡኝ።

ሉሁ ጭቃ በጭቃ ነበር። ጠርዙ ተቀዷል፤ መሐሉ ላይ የወጥ ዘይት ጠብ ብሎበታል። ንጹሑ ፕላን በመሳቢያዬ ተኝቷል፤ ይህን አጠገቡ ላስተኛ? እኔ? ቀዩን መስመር አላየሁም ብል ውሸት ነው። አይቻለሁ። ፊርማውንም አይቻለሁ። ጠቅልዬ ቆሻሻ ቅርጫት ከተትኩትና እጄን ታጠብኩ።

ከዓመታት በኋላ የአፓርታማው ምድር ቤት በፍሳሽ ተጥለቀለቀ። ቱቦው ፕላኑ በሚያሳየው ቦታ አልተገኘም። መሐንዲሱ እኔ አላዘዝኩም አለ። ጋሽ ደምሴ ዘና ብለው፣ በእኔ ተማምነው፣ ወረቀቱ ማህደር ውስጥ አለ አሉ። አለቃችን አስጠራኝ። ምን አልኩ? “እንዲህ ያለ ሉህ ገብቶ አያውቅም፤ ከእኔ ክፍል ወረቀት ጠፍቶም አያውቅም” አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ግን ወለምታ አልነበረም፣ ዐውቄ ነው። የድሮውን መስመር የያዘውን ንጹሑን ፕላን ዘረጋሁላቸው። ጋሽ ደምሴ በገዛ ፈቃዳቸው ከፕላን ወጥተው ሠሩ ተባለና ከሥራ ተሰናበቱ። ከዚያ ወዲህ ፎርማን አድርጎ የቀጠራቸው የለም።

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። በሳምንቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተገናኘን፤ በየት በኩል ልሽሽ ስል እሳቸው ቀድመው ሰላም አሉኝ።

“ፖሌ፣ ይቅርታ ልጄ፣ አስቸገርኩሽ። አንቺ ጋ ከሌለ የለም ማለት ነው። የሰጠሁሽ መስሎኝ ነበር፤ ጭንቅላቴ ከድቶኛል።”

ባለቤታቸው እንደሚሉት፣ አሁን በር ቆልፈው ወጥተው ደጋግመው እየተመለሱ ያረጋግጣሉ። ለስንት ዓመት የኖሩበትን ሰፈር መንገዱን ሰው ይጠይቃሉ። የወሰድኩባቸው እንጀራቸውን ብቻ አይደለም፤ የገዛ አእምሯቸውን እንዳያምኑት አደረግኩ።

መሐንዲሱ ዋሽቷል፣ እውነት ነው። አለቃዬም ሳያጣራ ፈርዷል። የእነሱን እነሱ ይናዘዙት። ሉሁን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ አልገባም ያልኩትም እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው ብዬ አላመካኝም፤ ቢበዛ ተግሣጽ ነበር የሚደርስብኝ። የዋሸሁት “የእሷ ማህደር እንከን የለውም” እንዲባልልኝ ነው። ተባለልኝም።

ዛሬ ጠዋት እውነቱን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለአለቃዬ ሰጥቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ሳውዝ ሲ እሄዳለሁ። ይቅርታ አልለምናቸውም፤ ደግ ናቸውና ወዲያው ይሰጡኛል፣ እኔም ቀሎኝ እመለሳለሁ። ያ ቅለት ለእኔ አይገባም። አንድ ነገር ብቻ እነግራቸዋለሁ፦ ጋሽ ደምሴ፣ አእምሮዎ አልከዳዎትም፤ ሉሁን እጄ ላይ ሰጥተውኛል።